አባቴን አንቱ ያሉት ቀን

አባቴ ጅብ ይሆናል ይባል ነበር። ይህን መጀመሪያ የሰማሁት ሞጣ፣ ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ፣ አብራኝ ገመድ ከምትዘል ልጅ ነው። ቤት ገብቼ እናቴን ስጠይቃት፣ "ጅብ ቢሆንማ ሌሊቱን ሙሉ ወገቤን እሺልኝ እያለ አይጨቀጭቀኝም ነበር" አለችና ሥራዋን ቀጠለች። እኔም ሳቅሁ። ነገሩ የማያስቅ መሆኑ የገባኝ ቆይቶ ነው።

አባቴ ብረት ቀጥቃጭ ነበር። ማረሻ፣ ማጭድና መጥረቢያ ይሠራል። በአገራችን ደግሞ ቀጥቃጭ ቡዳ ነው፤ ዓይኑ ሰው ይበላል፣ ሲመሽ ጅብ ይሆናል ተብሎ ይታመናል። ይህን የሚያምነው ገበሬ ሁሉ ማረሻው ሲዶለዱም የሚመጣው እኛው ዘንድ ነው። ወናፉ አጠገብ ካለው ድንጋይ ላይ ቁጭ ብሎ ያወራል፣ ይስቃል፣ ስለ ዝናቡ ያማርራል። ጠላ ሲቀርብለት ግን ሆዴን አሞኛል ይላል። ሆዱን የማያመው ገበሬ አልገጠመኝም።

ከሰው በላይ ስለሆኑ ሰዎች ብዙ ሰምቼ ነው ያደግሁት። በቤተ ክርስቲያን ገድል ሲነበብ ጻድቁ ክንፍ ያወጣል፣ እሳትም አያቃጥለውም። በሠርግ ቤት ሲፎከር ጀግናው ብቻውን ሺህ ሰው ይመልሳል። ታላቅ ወንድሜ ተደብቆ በሚያነባቸው ልብ ወለዶች ውስጥ ጥይት የማይነካው ሰላይ አለ። ቪዲዮ ቤት ሲከፈት ደግሞ ከጣራ ጣራ የሚዘል ቻይና መጣልን። እነዚህ ሁሉ ይደነቃሉ፣ ይከበራሉ። ጻድቁ ጾሞና ጸልዮ፣ ጀግናውም ነፍሱን ሰጥቶ ያገኙት ነው። አባቴ ግን ማንም ሳይጠይቀው ከሰው በላይ ተደረገ፤ በዚያው ምክንያት ከሰው በታች ተቀመጠ። እኔን የሚያናድደኝ ይህ ነው። ኃይሉን አልፈልግም ብሎ የሚመልስበት ቦታ አልነበረውም።

እኔ ተምሬ ነርስ ሆንሁና ቢቸና ተመደብሁ። ጅብ የማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ ይላል ይባላል፤ እኔም ቢቸና ላይ በተነጠፈልኝ ቁርበት ደላድዬ ተቀመጥሁ። የአባቴን ሥራ ማንም አልጠየቀኝም፣ እኔም አልተናገርሁም። ሰዎች ቤታቸው ጠርተው ያጎርሱኝ ነበር። የመጀመሪያውን ጉርሻ ስጎርስ ዓይኔ እንባ ሞላ፤ ሚጥሚጣው ነው ብዬ አለፍሁት።

ያ ነገር የመጣው ለእረፍት ሞጣ በገባሁበት ሰሞን ነው። አጥር የምንጋራቸው ጎረቤቶቻችን ቆላ ወርደው አዝመራ ሰብስበው ተመልሰው ነበር። አባትዬው ማረሻ ሊያሠራ ሲመጣ ሴት ልጁን አስከትሎ መጣ። ሰባተኛ ክፍል የምትማር፣ ወሬ የምትወድ ልጅ ነበረች። ብረቱ ሲግል እያየች አባቴን በጥያቄ አጣደፈችው፤ እሱም ደስ ብሎት መለሰላት። በሳምንቱ ልጅቷ ተኮሰች፣ ያንቀጠቅጣትም ጀመር።

ቡዳ በላት ተባለ። እንዲህ ሲሆን የታመመውን ሰው አውራ ጣቱን ጨምድደው ይዘው፣ የሚከረፋ ነገር እያጨሱበት፣ "ማን ነህ? የት አገኘኸው?" እያሉ ይጠይቁታል። በሽተኛው ለፍልፎ የበላውን ሰው ስም ይጠራል። ያ ሰው መጥቶ እንትፍ ካለበት ይድናል። ልጅቷም በትኩሳት እየቃዠች፣ በጭሱ እየታፈነች፣ የአባቴን ስም ጠራች። ከእኛ ቤት ሌላ ምን ስም ትጥራ?

አባትዬውና ሁለት ሽማግሌዎች ጠዋት መጥተው ደጃችን ላይ ቆሙ። አባቴን እኛ ልጆቹ ከፍቅር፣ ሰፈሩ ከንቀት አንተ ይለው ነበር። ያን ቀን ግን አንቱ አሉት።

"እንደምን አደሩ ጌታው" አለ ትልቁ ሽማግሌ። "ልጅቱ ለፍልፋለች፤ ስምዎን ጠርታለች። ክፉ አስበው ነው አንልም፣ ዓይን መቼ ይታዘዛል? ብቅ ብለው አንድ ጊዜ እንትፍ ይበሉባትና ትነሣ።"

አባቴ መዶሻውን አስቀመጠ። እኔ ግን ቱግ አልሁ። "ቆላ ወርዳ አልነበር? ወባ ነው! ወደ ጭንቅላቷ ሳይወጣ አሁኑኑ ጤና ጣቢያ ውሰዷት!"

አባትዬው ዓይኑ ቀልቷል፤ እንቅልፍ ካየ ቆይቷል። "እንወስዳታለን እህቴ፣ ማን ጠላ?" አለኝ። "ግን ቡዳ እንደያዛት መርፌ ከወጓት ትሞትብኛለች። መጀመሪያ አባትሽ ይልቀቃት።"

ለመንሁ፣ ጮህሁ፣ ተሳደብሁም። ሰውዬው ልጁን ይወዳታል፤ ችግሩም ይኸው ነበር። የሚወዳትን ልጅ እንዲህ ሆና መርፌ አያስወጋም። አባቴ እንትፍ ካላለ ቃሬዛው አይነሣም።

እናቴ ከጓዳ ወጥታ የአባቴን ጋቢ ጨብጣ ያዘች። "እንዳታደርገው! እንትፍ ማለት አዎ እኔ ነኝ ማለት ነው። ስሙ ለልጅ ልጆቼ ሳይቀር ይተርፋል!"

"እምቢ ብዬ ከሞተችስ?" አላት።

"ያኔም አንተ ነህ።"

"እንግዲያ በሁለቱም እኔ ነኝ" አለ አባቴ። "ልጅቱ ትትረፍ።"

ጋቢውን ለእናቴ ትቶላት ሄደ። የዚያን ቤት ደጃፍ አልፎ ሲገባ የመጀመሪያው ነበር። ሰዉ መንገድ ለቀቀለት። ልጅቷ ላይ ጎንበስ አለ፣ አፉን ከፈተ፣ ምራቅ ግን አጣ። ከንፈሩን ቢያላውሰው፣ ምላሱን ቢያንቀሳቅሰው ምንም የለም። ውኃ በጣሳ ሰጡት። ጠጥቶ ሲጨርስ አንዲት ሴት ጣሳውን በእንጨት ገፍታ ወደ ውጭ ጣለችው። አባቴ አይቷታል። ከዚያ እንትፍ አለ። ቤቱ በሙሉ እፎይ አለ። ወዲያው ቃሬዛው ተነሣ፣ እኔም ከጎኑ እየሮጥሁ ጤና ጣቢያ ደረስን። ወባ ነበር። ልጅቷ ዳነች።

ኪኒኑን ያመሰገነ የለም። ወሬው ግን ከእኔ አውቶቡስ ቀድሞ ሄደ። አባቴን ብዙ ሰው ይፈልገው ጀመር፤ ከማናውቀው ቀበሌ ሳይቀር በቅሎ ይዘው ይመጣሉ። መጀመሪያ መጀመሪያ "እኔ ሰውዬውን አይቼው አላውቅም እኮ" ይል ነበር፤ ኋላ ይህንንም ተወው። ሄዶ እንትፍ ይላል፤ "አሁን ጤና ጣቢያ ውሰዱት" ይላል፤ ተመልሶ ወናፉን ይነፋል። ከታመሙት ብዙዎቹ ተነሡ። ዘመድ የሞተበት ሰው ደግሞ በደጃችን ሲያልፍ መሬት ላይ ይተፋል። እናቴ ገበያ መውጣት ተወች። ቢቸና እኔ ጋ እንዲኖሩ ስለምነው፣ "ብሄድ በልቶ ሸሸ ይላሉ፤ ብቀመጥ ይኸው አለ ይላሉ። ቢያንስ እዚህ የተኛውን ጤና ጣቢያ አደርሳለሁ" ብሎ ይመልስልኛል። እኔ ግን ታፍኜ የምሞት ይመስለኝ ነበር፤ ሞጣ ስገባም፣ ከሞጣ ስወጣም።

ከዚያ አገባሁ። ባለቤቴ ከሩቅ አገር የመጣ መምህር ነው፤ ሁሉን ነግሬው "እና?" ብቻ ብሎኛል። ሴት ልጅ ወለድሁ። ክርስትና እንደተነሣች አዝዬ ሞጣ ወሰድኋት። አባቴ መደብ ላይ ጋደም ብሎ ነበር። ድምፅዋን ሲሰማ ፊቱ በራ። አጠገቡ ተቀምጬ ከተጠቀለለችበት ነጠላ ስገልጣት ግን ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

"አባዬ፣ እያት እንጂ! አፍንጫዋ ቁርጥ ያንተን።"

"ሸፍኛት" አለኝ።

ቀልድ መሰለኝ። ጠበቅሁት፤ አልዞረም። "አንተም?" አልሁት። "አንተ እንኳ?"

ከዚያ ፊቱን ሳያዞር እጁን ወደ ኋላ ሰደደና የልጄን እግር ፈልጎ ያዘ። በዚያ በተላጠ መዳፉ ቀስ አድርጎ ደባበሳት።

"እንትፍ ስልባቸው ይነሣሉ እኮ ልጄ" አለ። "እኔ ምን አውቃለሁ?"

ልጄን ሸፈንኋት።