በእናታችን ሳሎን የተዘረጋው ቦርድ

ከባኮ ስመለስ ልብሴ የሻገተ በቆሎ ይሸት ነበር። አንድ የገበሬዎች ማኅበር ምርቱን በደንብ ሳይደርቅ መጋዘን አስገብቶ ሲበላሽበት ዜናውን የሠራሁት እኔ ነኝ። ዜናው ተነገረ፣ በማግስቱም ተረሳ። ያልረሳችው ታናሽ እህቴ ብቻ ነበረች።

እህቴ አምቦ ውስጥ ኤሌክትሮኒክስ ታስተምር ነበር። ታስተምር ስል፣ መሣሪያ በሌለበት ክፍል ውስጥ የመሣሪያ ሥዕል ጥቁር ሰሌዳ ላይ ትሥል ነበር ማለቴ ነው። ከዚያ ዜና በኋላ የበቆሎ እርጥበት የሚለካ ነገር በእጇ ሠራች። የቸገራት ልኬቱን ወደ ኮምፒውተር ማስገባቱ ነበር። ለዚህ የሚሆነውን የዩኤስቢ ቺፕ ለሥልጠና ውጭ አገር የሄደ ባልደረባዋ ይዞላት መጣ። ቺፑ ብቻውን አልመጣም፤ ፋብሪካው ለሙከራ ብሎ በሚያዘጋጀው ቦርድ ላይ እንደተጣበቀ ነው። መዳፍ የሚያክል አረንጓዴ ነገር ነው፤ በአንድ ጎኑ ገመዱ ኮምፒውተር ላይ ይሰካል፣ በሌላው ጎኑ የሚለካው ዕቃ ይያያዛል። ምትክ አልነበረውም።

ከማኅበሩ ሊቀ መንበር ጋር ያገናኘኋት እኔ ነኝ። «ቁጥሩን በዓይናችን ካየን፣ የዘንድሮው ምርት ሲገባ መጋዘናችን ውስጥ ትሠሪያለሽ» አሏት። ካላዩ ምን እንደሚሆን አልተናገሩም። እሷም አልጠየቀችም።

የምታስተምርበት ቦታ ኮምፒውተሮች ፍላሽ ቫይረስ ያመጣል ተብሎ የዩኤስቢ መሰኪያቸው በሙሉ ተዘግቶ ነበር። ስለዚህ ሥራው ወደ እናታችን ሳሎን፣ እኔ ዜና ወደምጽፍበት አሮጌ ኮምፒውተር መጣ። ቦርዱን ስትሰካው «መሣሪያው አልታወቀም» የሚል ጽሑፍ ወጣ። አብሮት የመጣውን ፕሮግራም ጫነች፣ አጠፋች፣ እንደገና ጫነች። ያው ጽሑፍ።

«ይሄ ኮምፒውተር መች እኔንስ ያውቀኛል» አልኳት።

አልሳቀችም። ብዙ ቀን ከደከመች በኋላ ችግሩን አገኘችው። ቦርዱ ኃይል የሚያገኘው ከኮምፒውተሩ ነው፤ የእኔው ደግሞ አርጅቶ የሚሰጠው ኃይል አይበቃም። ቦርዱ ላይ ጃምፐር የሚሏት የስንዴ ፍሬ የምታክል ቆብ አለች፤ እሷን ነቅሎ ጎኗ ባሉት የብረት መርፌዎች ላይ ሲሰኳት ቦርዱ ኃይል ከውጭ ይቀበላል። እህቴ ጃምፐሯን አዛወረችና የእናታችንን የሬዲዮ አዳፕተር ተዋሰች። የአዳፕተሩ መምረጫ ከሦስት እስከ አሥራ ሁለት ቮልት ይዞራል። ስድስት ላይ አቆመችው።

«ከዚህ ካለፈ አለቀለት» አለችኝ።

የቦርዱ ትንሽ መብራት በራች፣ ኮምፒውተሩ ድምፅ ሰጠ፣ ቁጥርም ወጣ። ደረቁን በቆሎ አውጥታ እርጥብ ስትጨምር ቁጥሩ ከፍ አለ፤ ደረቁን ስትመልስ ዝቅ አለ። እናታችን ከበሩ ላይ ሆና እልል አለች፤ ለምን እንደሆነ ግን አልገባትም ነበር።

ከቤታችን አጠገብ ወፍጮ ቤት አለ። ወፍጮው ሲነሳ የሰፈሩ መብራት ይደክማል። ያኔ ሬዲዮ የከፈተ ሁሉ ተነስቶ አዳፕተሩን ከፍ ያደርጋል፤ ወፍጮው ሲቆም ይመልሳል። ማንም አስቦበት አያደርገውም፣ እጅ የለመደው ነገር ነው።

እንግዶቹ በሚመጡበት ቀን እህቴ ሁሉን ነገር ሰካክታ፣ ቁጥሩ መውጣቱን አይታ፣ ሊቀ መንበሩንና ሁለት አባላትን ለመቀበል አብረን ወደ መናኸሪያ ወረድን። በባጃጅ ይዘናቸው ስንመለስ እናታችን አጥሩ በር ላይ ቆማ ጠበቀችን።

«በገ ነጋን ዹፍተን! እንኳን ደህና መጣችሁ፣ ግቡ፣ ግቡ!»

ሰፈሩ ጸጥ ብሏል። ወፍጮው ቆሟል። ሳሎኑ የተቃጠለ ፕላስቲክ ይሸታል፣ የቦርዱ መብራት ጠፍቷል። እህቴ ጎንበስ ብላ አዳፕተሩን አየችው። እኔም አየሁት። አሥራ ሁለት ላይ ነበር።

«ምነው ልጄ፣ እምቢ አለ?» አለች እናታችን። «ወፍጮው ሲነሳ ያቺ መብራት ጭልጭል ስትልብኝ ጨመርኩለት እኮ! እናንተን ልቀበል ስወጣ ደህና ነበር።»

«ጥሩ አደረግሽ እማዬ» አለች እህቴ። «ችግሩ ሌላ ነው።»

ጃምፐሯን መለሰች፣ ገመዱን ነቅላ ሰካች፣ ኮምፒውተሩን አጥፍታ አስነሳች። «መሣሪያው አልታወቀም» የሚለው ጽሑፍ እንኳ አልወጣም። እንግዶቹ ሶፋው ላይ ተደርድረው ያዩአታል። በመጨረሻ ሊቀ መንበሩ ለልኬት ከተዘጋጀው ሳህን አንድ የበቆሎ ፍሬ አንስተው በጥርሳቸው ሰበሩት።

«ደርቋል» አሉ። ከዚያ ጥርሳቸውን በጣታቸው ነክተው «የኔ ማሽን መብራት አይፈልግም» ሲሉ ጓደኞቻቸው ሳቁ።

«ኧረ ይተዋት፣ የእርስዎም ቢሆን ግማሹ ወላልቋል!» አለ አንደኛው።

እህቴም አብራቸው ሳቀች። በሥራዬ ብዙ ሐዘን ቤት ገብቻለሁ፣ ብዙም ጽፌአለሁ። ያንን ሳቅ ግን ቀና ብዬ ማየት አልቻልኩም።

ሊቀ መንበሩ ክፉ ሰው አልነበሩም። ሲነሱ እጇን ያዙ። «ኢንተላ ኮ፣ የኔ ልጅ፣ ሲሠራ ደውይልን። በቆሎው ግን እየደረሰ ነው፤ አባሎቼን ጠብቁ ልላቸው አልችልም።»

«እውነትዎን ነው» አለች።

ሸኝተናቸው ስንመለስ ቦርዱን በመጣበት ካርቶን አድርጋ ቁም ሳጥን ላይ አስቀመጠችው። ሌላ ቦርድ እንዲመጣላት የሚላክ ሰው አልነበረም፤ ቢኖርም የምትጠይቅ አልመሰለኝም። በሚቀጥለው ዓመት ሸነን ወደምትባል ከተማ ሄዳ ሒሳብ ማስተማር ጀመረች። ለምን ብዬ ስጠይቃት «ሒሳብ ጠመኔ ካለ ይበቃዋል» አለችኝ።

እናታችን እንግዶቹን ወዳቸው ነበር። እህቴ ለበዓል ስትመጣ ሁልጊዜ ትጠይቃታለች።

«እነዚያ የባኮ ሰዎች ምነው ጠፉ? ቅር ያሰኘናቸው ነገር አለ እንዴ?»

እኔ ጋዜጣዬን አነባለሁ።

«ኧረ የለም እማዬ» ትላለች እህቴ። «መንገዱ ርቋቸው ነው።»