ድንጋይ የማይበግረው ሱሪ

በስማዳዋ ከተማ በወገዳ ፈንታውን የማያውቅ ሰው ቢኖር ትናንት የተወለደ ሕፃን ብቻ ነው፤ እሱም ቢሆን የመዶሻውን ድምፅ ሳይሰማ አላደረም። ፈንታው ድንጋይ ፈላጭ ነው። ከከተማው ቁልቁል ካለው ገደል ሥር ጥቁር ድንጋይ እየነቀለ፣ እየፈለጠ፣ እየጠረበ ለመሠረትና ለአጥር ያቀርባል። ስለ ክንዱ ብዙ ይወራል። አንድ ቋጥኝ ገና ሲመጣ አይቶት በራሱ ጊዜ ተሰነጠቀ የሚሉ አሉ፤ ይሄ ግን ትንሽ ተጋኗል፤ ቋጥኙ አስቀድሞ አንድ ጊዜ ተመትቷል።

ክንዱ እንዲህ ቢሆንም ሱሪ አይበረክትለትም። ሌላው ሰው ዕድሜውን በክረምትና በበጋ ሲቆጥር ፈንታው የሚቆጥረው በተቀደደ ሱሪ ነው።

በጎረምሳነቱ ሲያርስ አረንጓዴ ቁምጣ ነበረችው። ከመጣፏ ብዛት የተነሳ የመጀመሪያው ጨርቅ የቱ እንደሆነ የሚያውቅ ጠፍቶ ነበር። ሐረገ ወይንን ሲያገባ አዲስ ካኪ ሱሪ ተሰፋለት። የአማቱን ጉልበት ሊስም በርከክ ሲል ካኪው ከወገቡ እስከ ጉልበቱ ተተረተረ። ሚዜዎቹ በጋቢ ከበው ወደ ጓዳ አስገቡት፤ የዚያን ዕለት ሙሽራው በጋቢ ተጠቅልሎ ጨፈረ። በኋላ የአባቱ መሬት ለወንድማማቾቹ ሲከፋፈል የደረሰችው ቁራሽ በጣም ጠበበች። በሬዎቹ ለመዞር የጎረቤት ማሳ ማስፈቀድ ነበረባቸው። እሱም ሞፈሩን ሰቅሎ መዶሻ አነሳ።

ድንጋይ ፈለጣ ደግሞ ልብስ በሊታ ነው። ፈላጭ ቁጢጥ ይላል፣ ይንበረከካል፣ ድንጋዩን በጭኑ ደግፎ ይመታል፣ ከገደሉ በመቀመጫው እየተንሸራተተ ይወርዳል። ፈንታው ከሳልባጅ ተራ ጅንስ ገዛ፤ ጨርቁ ጠንካራ ቢሆንም ጠባብ ስለነበር ገና ቁጢጥ ሲል ተሰናበተው። ከላይ እስከታች አንድ የሆነውን ቱታም ሞከረ። ቱታው አልተቀደደም። ችግሩ ሰው ወደ ዱር ወጣ ማለት ሲፈልግ ነው፤ ሙሉ በሙሉ መራቆት ግድ ይላል፤ የስማዳ ነፋስ ደግሞ ርኅራኄ የለውም። ቱታውን ለወንድሙ ሰጠው።

በዚህ መሃል የደብሩ ቤተ ክርስቲያን በድንጋይ ቅጥር ይታጠር ተባለ። ሥራው በጋውን ሙሉ የሚያዘልቅ፣ ለፈላጭ የዓመት እንጀራ ነበር። የፈላጮቹ አለቃ ፈንታው ሆነ። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ በተሰበሰበበት የመሠረቱን የማዕዘን ድንጋይ እንዲያስቀምጥ ተጠራ። ጎንበስ ብሎ ድንጋዩን አቀፈ፤ ብድግ አደረገ። ድንጋዩ ተነሳ፤ ሱሪው ቀረ። በሴቶቹ መቆሚያ በኩል አንዲት «እሰይ!» የምትል ድምፅ ተሰማች፤ የማን እንደሆነች እስከ ዛሬ አልተጣራም።

የአሠሪ ኮሚቴው ሰብሳቢ መሪጌታ ደምሌ ናቸው። የድጓ ዜማ ወደሚመሰከርበት ደብር ወደ ቤተ ልሔም ሄደው ያስመሰከሩ፣ ሲቆጡም ድምፃቸው ዜማውን የማይስት ሰው ናቸው።

«ፈንታው» አሉ።

«አቤት የኔታ» አለ ድንጋዩን እንደታቀፈ። እንዳያስቀምጠው ሌላ ጉድ ሊመጣ ነው።

«ይሄ ቅጥር የሚሠራው ግቢውን ለመከለል ነው። አንተ አንድ ድንጋይ ሳታስቀምጥ የተከለለውን ገለጥከው።»

«ጨርቁ ነው የኔታ። ይማሩኝ።»

«ጨርቁን አንተ መረጥከው እንጂ እሱ አንተን አልመረጠህም። የነገ ሳምንት ሰኞ ሥራ ይጀመራል። የሚታመን ሱሪ ለብሰህ ና። ግቢዬ ውስጥ አንዲት ክር ስትተረተር ከሰማሁ አለቅነቱም ሥራውም ለዓባይ ነው።»

ዓባይ ጎረቤቱም የሥራ ባልደረባውም ነበር። አጠገባቸው ቆሞ ከሱሪው ላይ የሌለ አቧራ ያራግፋል።

ቤት ሲደርስ ወሬው ቀድሞት ሐረገ ወይን ዘንድ ደርሶ ነበር። «አንተ ሰውዬ፣ በሠርጋችን ቀን በአባቴ ፊት፣ ዛሬ ደግሞ በታቦት ፊት! የቀረህ ማን ፊት ነው?»

«መሪጌታ ዓባይን ሊተኩብኝ ነው» አላት። እሷም ቀልዱን ተወችው። ዓመቱን በምን እንደሚገፉት ሁለቱም ያውቃሉ።

ቅዳሜ ፈንታው ገበያ ወጣ፤ በኪሱ ሸካራ ድንጋይ ይዟል። ጨርቅ ባየ ቁጥር ጠርዙን በጥርሱ ይስባል፣ ቀጥሎ በድንጋዩ ይፈገፍጋል። እኩለ ቀን ሳይሞላ ነጋዴዎቹ ከሩቅ ሲያዩት ጣቃቸውን ጠቅልለው ይደብቁ ጀመር። ተስፋ ቆርጦ ልብስ ሰፊው አስቻለው በረንዳ ላይ ተዘረጋ።

«ጨርቅ በድንጋይ ይፈተናል እንዴ?» አለው አስቻለው ከስፌት መኪናው ላይ ሳይነሳ።

«ሥራዬ ከድንጋይ ጋር ነው፤ በቅቤ ልፈትነው?»

«ስማኝ፤ አንተን የሚያዋርድህ ጨርቁ ብቻ አይደለም። ሙሽራ ይመስል ጠባብ ታሰፋለህ። ቁጢጥ ስትል ትርፍ ጨርቅ ከየት ይምጣ? መሃሉ ላይ ቁራጭ እጨምርልሃለሁ፤ ጉልበቱንና መቀመጫውን እደርባለሁ፤ ክሩንም ከማዳበሪያ ጆንያ መዘን እናወጣለን። ጨርቁን ግን አንተው ፈልግ። ገበያ ያለው ሁሉ ለፎቶ እንጂ ለፈለጣ አልተሸመነም።»

ፈንታው ሲያስብ ቆይቶ ብድግ አለ፤ የእድሩ አሮጌ ድንኳን ትዝ ብሎታል። እድሩ አዲስ ድንኳን ገዝቶ፣ አሮጌውን ነፋስ መሃሉን ስለቀደደው፣ አባላቱ ለክምር መሸፈኛ እየቆረጡ ይወስዱ ነበር። ሰብሳቢው አቶ ወርቁ ድርሻውን ሲሰጡት ሸራውን እንደ ፈረስ መታ መታ አደረጉት። «ይሄ ሸራ የስንቱን ለቅሶ ችሏል! ነፋስ ባይቀድደው ኖሮ የእኔንም ችሎ ይሸኘኝ ነበር።» ፈንታው በድንጋዩ ፈገፈገው። የተላጠው ድንጋዩ ነው።

አስቻለው ሲሰፋው መርፌ በመርፌ ላይ ተሰበረ፤ የመኪናው ጩኸት እስቴ፣ መካነ ኢየሱስ ድረስ ተሰምቶ ሰዎች የዝናብ ነጎድጓድ መስሏቸው ምርታቸውን አስገቡ። በመጨረሻ ሱሪው ተጠናቆ፣ ሰው ሳይለብሰው ወለሉ ላይ በራሱ ቆመ። አስቻለው ዞር አድርጎ አየውና «የእድሩ ጽሑፍ መቀመጫው ላይ ዋለ እኮ፤ ልገልብጠው?» አለ።

«ውኃ የማያስገባው ፊቱ የትኛው ነው?»

«ጽሑፍ ያለበት።»

«እንግዲያው ወደ ውጭ ይሁን። በኋላዬ የሚያነብ ምን ሥራ ፈት አለ?»

ሰኞ ማለዳ ጉም ወርዶ ነበር። ፈንታው አዲሱን ሱሪ ለበሰ፤ የተረፈውን ሸራ እየተንበረከከ ሊፈልጥበት ጠቅልሎ ትከሻው ላይ ጣለና ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አቀና። እመት ትሁን ከምንጭ ሲመለሱ ከጉሙ ውስጥ ያዩት ሁለት ነገር ነው፤ ትከሻ ላይ ያለ የድንኳን ጥቅልና ከሥሩ ከወዲያ ወዲህ የሚወዛወዝ «መረዳጃ እድር» የሚል ጽሑፍ። በማለዳ ድንኳን ወደ ቤተ ክርስቲያን ከሄደ ነገሩ ግልጽ ነው። በዚያ ሰፈር ደግሞ የሟችን ስም መንገድ ላይ መጠየቅ ነውር ነው፤ ለቀብር የሚመርጥ ሰው ያስመስላል። መጀመሪያ ይደረሳል፣ ይለቀሳል፣ ስሙ ከዚያ ይመጣል። እመት ትሁን እንስራቸውን አስቀመጡና ጮኹ።

ጩኸቱ ከአጥር አጥር ዘለለ። አራሹ በሬውን ፈታ፣ ባለሱቁ በሩን ዘጋ፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ወጡ። ሰው ከሰው እየተያየ «ወይኔ ወንድሜን» ሲል ሌላው «ወይኔ እህቴን» ይላል፤ ማንም ማንን አላረመም። ግቢው ሞላ፤ ለድንጋይ ማስቀመጫ የተጠረገው ቦታ የለቅሶ ሜዳ ሆነ።

ፈንታው አንዱን ድንጋይ ሊጀምር ሲል ሕዝቡ እያለቀሰ ከበበው። ደነገጠ። ማን ሞተ ብሎ እንዳይጠይቅ ነውር ነው። መዶሻውን አስቀምጦ ደረቱን እየመታ ማልቀስ ጀመረ፤ ከሁሉም አስበልጦ አለቀሰ ማለት ይቻላል፤ ዓባይ ሳይቀር መጥቶ ደገፈው።

መሪጌታ ደምሌ ለፍትሐት መጽሐፋቸውን ይዘው ወጡ። «የሟቹ ክርስትና ስም ማን ነው?»

ሰው ሁሉ ወደ ጎረቤቱ ዞረ።

«ሬሳውስ የት ነው?»

ይሄኔ አቶ ወርቁ እያለከለኩ ደረሱ። «አዲሱ ድንኳን እኔ ቤት ተቆልፎበታል! ያለ እኔ ቁልፍ ማነው ድንኳን ያወጣው?»

«እሱ ነዋ!» አሉ እመት ትሁን ፈንታውን እየጠቆሙ። «በዓይኔ በብረቱ አይቼዋለሁ!»

«የቱን ድንኳን?» አለ ፈንታው እንባውን እየጠረገ፤ የሚሉትን ለማየትም ወደ ኋላው ዞረ። ሲዞር ሕዝቡ ሁሉ አነበበ።

ቀድሞ የተናገረው ዓባይ ነው። «የኔታ፣ አገር ያስለቀሰ ሰው በዚህ ግቢ አለቃ ሊሆን ነው?»

መሪጌታ መጽሐፋቸውን ዘግተው ሱሪውን ከላይ እስከ ታች አዩት። «እኔ ያልኩት ስለ ክር ነው» አሉ። «እስኪ ያንን የማዕዘን ድንጋይ አንሳ።»

ፈንታው ቁጢጥ አለ። ድንጋዩን አቀፈ፣ ተነሳ፣ ተመልሶ ቁጢጥ አለ። ምንም አልተሰማም።

«ዓባይ፣ አንተ ሳበው።»

ዓባይ የሱሪውን እግር ይዞ ሳበ። ሌሎቹ ፈላጮች አገዙት። ፈንታው ከነድንጋዩ መሬት ላይ ተጎተተ እንጂ ከሱሪው አንዲት ክር አልተመዘዘችም።

«በቃ» አሉ መሪጌታ። «ቃሌ ቃል ነው፤ ሥራው የእሱ ነው። ፈንታው፣ አንተ ግን ጽሑፉ ላይ አሁኑኑ ቁራጭ ጣፍበት፤ ነገ ደግሞ ፍትሐት እንዳታስጀምረኝ።» ቀጥለው ወደ ሕዝቡ ዞሩ። «እናንተም ሥራ ፈታችሁ መጥታችኋል። ቀብር ከሌለ ድንጋይ አለ፤ እያንዳንዳችሁ ከገደሉ አንዳንድ ይዛችሁ ውጡ።»

እያጉረመረሙም እየሳቁም ወረዱ። በጋውን ሙሉ የሚጋዘው ድንጋይ ከምሳ በፊት ግቢው ውስጥ ተከመረ፤ እመት ትሁን ብቻ «እኔ አልቅሻለሁ፣ ይበቃኛል» ብለው ዛፍ ሥር ተቀመጡ።

ሐረገ ወይን ከሰዉ ኋላ ቆማ ነበር። ነጠላዋ እንደተዘቀዘቀ፣ ፊቷ አመድ መስሏል።

«አንቺም መጣሽ?» አላት ፈንታው። «ጠዋት ሱሪውን ያቀበልሽኝ አንቺ ነሽ እኮ። ጽሑፉንም አይተሽዋል።»

«ማን ሱሪ ያስባል?» አለችው። «ድንኳኑ ወደ አንተ የሥራ ቦታ ሄደ ሲሉኝ ቋጥኝ ወደቀበት ብዬ ነው። ስምህን እንዳልጠይቅ ነውር፣ እንዳልጮህ አፌ ተያዘ። እዚህ ደርሼ ስታለቅስ ሳይህ ነው ነፍሴ የተመለሰች።»

ፈንታው የተረፈውን ሸራ ለሁለት አጥፎ ከዛፉ ጥላ ሥር አነጠፈላት፤ ተቀመጠች። እሱም ከእሷ ሳይርቅ ቁጢጥ ብሎ የመጀመሪያውን ድንጋይ መምታት ጀመረ።