አዛን ሲባል ዝም የምትለው ጊታር

መካነ ሰላም ላይ ጊታር ይዞ ሠርግ የሚዞር ሰው ቢፈለግ ከአዩብ በቀር የለም። እሱም ቢሆን በአዘቦቱ ቀን መናኸሪያው አጠገብ ስልክ ጠጋኝ ነው። የኤሌክትሪክ ጊታሯን እህቱ ሁዳ ከሪያድ ስትመለስ ነው ያመጣችለት። አዛን የሚጣራ ሙአዚን ቤት ጊታር ይዞ መግባት! ሰፈሩ ጉድ አለ። አባታቸው ሼህ አሕመድኑር ግን አልሰበሯትም፤ ልጃቸውን ጠርተው አንዲት ቃል ብቻ አስገቡት።

«ጎልማሳ ነህ፤ አልከለክልህም። እኔ አዛን እያልኩ ያ ዕቃህ ሲጮኽ የሰማሁ ዕለት ግን ደጄን እንዳትረግጥ።»

ሼሁ ደግሞ ተናግረው የሚረሱ ሰው አይደሉም። ታናሽ ወንድማቸው አንድ ጊዜ ቃል ቢያጥፍባቸው እስኪሞት ድረስ ደጃቸውን አላስረገጡትም። አዩብ ይህን ያውቃል። ስለዚህ ሲጫወት አንድ ጆሮው ሁልጊዜ መስጊድ ነው፤ የአባቱ ድምፅ ብቅ ሲል የጊታሯን ድምፅ ማዞሪያ እስከ መጨረሻው ይዘጋዋል። ሠርገኛውም ለምዶታል፤ ክርስቲያኑም እስላሙም ጭፈራውን ገታ አድርጎ ይቆያል፣ አዛኑ ሲያልቅ ካቆመበት ይቀጥላል።

የጋሹ ሠርግ ዕለት ግን ጊታሯ አመሏን አወጣች። ጋሹ የአዩብ አብሮ አደግ ነው፤ ዳሱም የተጣለው ከመስጊዱ አጥር ማዶ ነው። አዩብ ጠዋት ሊሞክራት ቢሰካት ማዞሪያው ቢዘጋም ትጮኻለች፣ ቢከፈትም ትጮኻለች።

«ምን ሆንሽ አንቺ? ዛሬ ነው የምታዋርጂኝ?» አላት።

ገመዱን ቀየረ፤ ያው ነው። ስፒከሩን ጠረጠረና የዘፋኙን ማይክ ሰካበት፤ ማይኩ ዝቅ ሲሉት ዝቅ፣ ከፍ ሲሉት ከፍ ይላል። በሽታው እንግዲህ እጊታሯ ሆድ ውስጥ ነው። «አቧራ ይሆናል» አለና ስልክ ሲቆሽሽበት እንደሚያደርገው ሁዳ ያመጣችውን ሽቶ በማዞሪያው ሥር አንጠባጠበበት። ችኩል! ለስልክ የሚጠቀምበት ሽቶ አልኮል ያለበት ነበር፤ ይኼኛው ግን ዘይት ነው። ጊታሯ እንደ ሙሽራ ሸተተች እንጂ አልዳነችም።

በመጨረሻ ክዳኗን ፈታ። ማዞሪያው ሦስት እግር አለው። ድምፁን ወደ መሬት የምታወርደው የሦስተኛው እግር ሽቦ ከብየዳዋ ተላቃ ተንጠልጥላለች። እሷ ከሌለች ድምፁ መውረጃ የለውም፤ ቢያዞሩትም ባያዞሩትም መጮኽ ነው። አዩብ ተንፈስ አለ። መበየጃውን ሰክቶ ገና ሳይግል መብራት ሄደ።

«ያ ረቢ! አሁን? አሁን ይኬዳል?»

የሠርጉ ጀነሬተር ገና ቤንዚን እየተፈለገለት ነው። አዩብ ካቻቢቴውን ይዞ ወጥ ወደሚሠራበት ሮጠና ከሰሉ ውስጥ ሰካው። የጋሹ እናት እትዬ በዛች ጭልፋቸውን እንደያዙ አፈጠጡበት።

«አንተ! እኛ ሙሽራ ደረሰብን እንላለን፣ አንተ ብረት ትጠብሳለህ?»

«ይሁንብኝ እትዬ። ትንሽ አረቄ ይስጡኝ።»

«ሰዎች ስሙልኝ! የሼሁ ልጅ አረቄ አምጪ አለኝ!»

ሴቶቹ ሳቁ። እሱ ግን መሳቂያ ልብ አልነበረውም። የሽቶው ዘይት ካልተጠረገ የሚበየድበት ሊድ እየተንከባለለ አልይዝ ይላል። በአረቄው ጠርጎ፣ ካቻቢቴውን ደጋግሞ እያጋለ፣ ጣቱ እየተቃጠለ እንደምንም አስያዘው። ደህና ብየዳ እንዳልሆነ እሱ ራሱ ያውቃል። ሊሞክረው ሳይችል የመኪና ጥሩምባ ተሰማ፤ ሙሽሮቹ መጡ፣ ጀነሬተሩ ተነሣ፣ ዳሱ በእልልታ ተሞላ።

እየተጫወተ ማዞሪያውን ነካ አደረገው። አንዴ ይወርዳል፣ አንዴ ተንጫጭቶ እምቢ ይላል። ላብ አጠመቀው። ያን ጊዜ ነው ሌላው መዓት ትዝ ያለው፤ መብራት ከሄደ የመስጊዱም ማይክ አይሠራም! አባቱ በባዶ ድምፃቸው ነው የሚጣሩት። በዚህ ሁሉ ጩኸት መሀል በምን ጆሮው ይስማቸው?

ጆሮውን ትቶ ዓይኑን መስጊዱ ላይ ተከለ። ዘጠኝ ሰዓት አልፏል፤ የአዛኑ ሰዓት ደርሷል። ጨፋሪው ግን እየተነሣ ይጋርደዋል። ጋሹ ራሱ ሙሽርነቱን ረስቶ «አብሽር ወንድሜ! ጨምርበት!» እያለ አንገቱን አቀፈው። አዩብ በትከሻው ገፋ አድርጎት አሻግሮ አየ።

ሼህ አሕመድኑር የመስጊዱ ደረጃ ላይ ቆመዋል። እጆቻቸው ጆሯቸው ላይ ናቸው፤ አፋቸው ተከፍቷል። እየተጣሩ ነው፤ ከጀመሩ ምን ያህል እንደቆዩ አላህ ይወቅ።

አዩብ ማዞሪያውን ጠመዘዘው። ተንጫጫ፣ ተንጫጫና ጸጥ አለ። ዘፋኙ አቋረጠ፤ ጭፈራው ቆመ። በዚያ ጸጥታ ውስጥ የአባቱ ድምፅ ቀጥኖ መጣ። «ሐይየ አለል ፈላህ...» አዛኑ ሊያልቅ ምንም አልቀረውም። ያን ሁሉ ሲሉ ጊታሯ ስትጮኽባቸው ነበር ማለት ነው።

«በቃ፣ አለቀልኝ» አለ አዩብ። ደግሞ ያ ድምፅ! አዩብ ልጅ ሳለ ሰፈሩን ያናውጥ ነበር፤ አሁን ትንፋሽ አጥሮታል፣ መሀሉ ይሰበራል። ማይኩ ደብቆት ኖሯል እንጂ አባቱ አርጅተዋል።

ሙአዚን እዚያ ቃል ላይ ሲደርስ ፊቱን ወደ ግራ ይመልሳል፤ ከሼሁ በስተግራ ያለው ደግሞ ዳሱ ነው። አባትና ልጅ ከአጥሩ ወዲያና ወዲህ ዓይን ለዓይን ተጋጠሙ። አዩብ እጁን ከማዞሪያው ላይ አላነሣም። እትዬ በዛች አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ።

ሼሁ አዛኑን አቋረጡ። እጆቻቸውን ከጆሯቸው አወረዱ። ሳል ያዛቸው። ከዚያ ፊታቸውን ወደ መካ፣ ወደ ቂብላው መለሱ፣ እጆቻቸውን እንደገና ወደ ጆሯቸው አነሡ፣ ያለ የሌለ ትንፋሻቸውንም ሰበሰቡ።

«አላሁ አክበር፣ አላሁ አክበር...» ብለው ጊታር እንዳልሰማ ሰው አዛኑን ከመጀመሪያው ጀመሩት።