ለበሽተኛው የማይነገር ውጤት

ሳንባዬን ካመመኝ ዓመታት አልፈዋል። ባለፈው ደብረ ብርሃን አንድ ሐኪም ቤት ቱቦ አቀብለው «ትንፋሽህ እስኪያልቅ ንፋ» አሉኝ። ማሽኑ ትንፋሽ ለክቶ፣ ሰውየው በሕይወት ገና ምን ያህል እንደሚቆይ ለሐኪሙ ይጠቁማል አሉ። ነፋሁ። ሊያስታምሙኝ ከአንኮበር የመጡት አጎቴ፣ ዳገት የማይበግራቸው ባለጋቢ ሽማግሌ፣ አጠገቤ ነበሩ።

ውጤቱን ለመስማት አብረን ገባን። ስነፋ ያላየኝ ወጣት ሐኪም የእኔን ሱፍና የአጎቴን ሽበት አየና «አባባ፣ እስቲ ውጭ ትንሽ አረፍ ይበሉ» አላቸው። ሲወጡ ወደ እኔ ጠጋ ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ትንፋሻቸው በጣም ወርዷል። እንዲህ የነፋ ሰው ብዙ ዓመት አይቆይም። ለቤተሰብ ብዬ ነው፤ ለሳቸው እንዳይነግሯቸው፣ ይደነግጣሉ።»

በሽተኛው እኔ ነኝ ልል አፌን ከፈትኩ። ግን ልጁ ይህን ያህል ተጨንቆ የሚናገረውን አቋርጦ ማረም ነውር መሰለኝ።

«አልነግራቸውም» ብዬ ቃል ገባሁ።

«ጠንካራ ሰው ነዎት» አለኝ፤ ሌላው ቤተሰብ እዚሁ ያለቅስበታል መሰለኝ።

አጎቴ ደጅ ላይ ጠበቁኝ።

«ምን አለህ?»

«ጋሼ፣ ለበሽተኛው እንዳልነግር ቃል አስገብቶኛል።»

«በሽተኛው አንተ አይደለህ እንዴ?»

«ነኝ። እሱ ግን እርስዎ መስለውታል።»

ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ አስተካከሉ።

«ደግ አድርጓል። በል ለእኔ ንገረኝ፤ እኔ ለአንተ አልነግርህም።»

ነገርኳቸው። እውነትም እስከ ዛሬ ትንፍሽ አላሉልኝም።