በመቃኑ ላይ የቀረው ቅጥራን

ወንድ አያቴ ካረፉ አርባ ቀን ሊሞላ ነው። እህቴ ቤታቸውን ለተዝካሩ ስታሳምር የበሩን መቃን ልትቀባ ቀለም ይዛ መጣች። «እሱን ተይው» ብዬ ተቆጣኋት። ብሩሹን አስቀመጠች።

መቃኑ ላይ ያሉት ጥቁር ሰረዞች የአያቴ የጣት ምልክቶች ናቸው። እኔ ደብረ ማርቆስ አስተማሪ ነኝ። ከእንጨት ጋዝ እያወጣ የሚነድ ምድጃ እየሠራሁ፣ ዕረፍት ባገኘሁ ቁጥር አያቴ ወደሚኖሩባት ቁይ ወስጄ እሳቸው ቤት እሞክረው ነበር። ምድጃው ሲቀዘቅዝ አያቴ ሳይጠሩ ይመጡና ጣታቸውን የጭስ ማውጫ ቧንቧው ውስጥ ይከታሉ። እንደ ማር የሚለጠፍ ቅጥራን ይዞ ከወጣ፣ «ይኸ ጭስ እሳት ሳይበላው አምልጧል። ይኸን ሁሉ ተምረህ እንጨት መድረቁን አታውቅም?» ይሉኛል። ደረቅ ጥላሸት ከሆነ ደግሞ፣ «አሁንስ አፍነኸዋል፤ አየር ስጠው እንጂ!» ከዚያ ጣታቸውን መቃኑ ላይ ጠርገው ይወጣሉ።

እኔ በመሣሪያ እለካለሁ እያልኩ እከራከራቸው ነበር። መሣሪያው ግን ከእሳቸው ጣት የተለየ ነገር ነግሮኝ አያውቅም።

ትናንት አያቴ ይሉኝ እንደነበረው አደረግኩ። ዓመት ሙሉ የደረቀ ባሕር ዛፍ አነደድኩ፤ የአየር ቀዳዳውንም አሰፋሁ። እስኪቀዘቅዝ ቁጭ ብዬ ጠበቅኩ። ማንም አልመጣም። የራሴን ጣት ቧንቧው ውስጥ ከተትኩ፤ ንጹሕ ሆኖ ወጣ። ሳላስበው እግሬ ወደ መቃኑ ወሰደኝ። የምጠርገው ነገር አልነበረኝም።