የቀንድ ብናኝ

ቀንድ መሥራት ያስተማሩኝ ሰው ጎረቤታችን ነበሩ፤ ጋሼ እላቸው ነበር። ኮልፌ፣ ከገበያው ጀርባ፣ መስኮት በሌላት የቆርቆሮ ክፍል ውስጥ ከበሬ ቀንድ ዋንጫና ማበጠሪያ ይሠራሉ። የስፌት ሥራዬን ካጣሁ በኋላ እሳቸው ዘንድ እየተቀመጥኩ ሳይ ሥራው ልቤን ወሰደው።

አንድ ድርጅት ጀማሪ የዕደ ጥበብ ባለሙያዎችን እንደሚደግፍ ሰምቼ አመለከትኩ፤ ተመረጥኩም። መሣሪያ ይገዙልኛል፤ አንድ አንጋፋ ባለሙያ ደግሞ ስድስት ወር ያሠለጥነኛል፣ በየሳምንቱም የሥልጠና ቅጼ ላይ ይፈርምልኛል። ጋሼ “አሠልጣኝ” ተብለው የተጠሩበትን ደብዳቤ ሁለቴ አነበቡት። በወጣትነታቸው በዚሁ ሥራ ምክንያት “ልጃችንን አንሰጥም” ተብለው እንደነበር የነገሩኝ ያን ቀን ነው። ደብዳቤውን በላስቲክ ሸፍነው ግድግዳው ላይ ሰቀሉት።

መሣሪያው መጣ፤ በኤሌክትሪክ የሚሽከረከር ሞረድ። በእጅ ቀን ሙሉ የሚፈጀውን በደቂቃዎች ይጨርሳል። ብናኙ ግን ክፍሏን ሞላት። ቅንድባችን ላይ እንደ ዱቄት ያርፋል፣ የተቃጠለ ጸጉር ይሸታል። ለሁለታችንም ማስክ ገዛሁ። እሳቸው እያወሩ ስለሚያስተምሩ አገጫቸው ላይ ያወርዱታል።

በሦስተኛው ወር ብናኙ ያመጣባቸው ሳል ባሰ። ቤቴል ክሊኒክ ወሰድኳቸው፤ ሐኪሙ ከብናኝ እንዲርቁ ነገራቸው። ታክሲ ስንጠብቅ እንተወው አልኳቸው። ከአንገት በላይ ነበር። አሠልጣኝ የሚቀይር ሰው ሊሰረዝ እንደሚችል ድርጅቱ አስቀድሞ ነግሮኛል።

“የጀመርኩትን አልተውም፣ ልጄ” አሉ። ዳግመኛ አላነሳሁባቸውም።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ባለቤታቸው ቤታችን መጡ። ቁጭ ይበሉ ብላቸውም አልተቀመጡም... እንዲያውም ከበር አላለፉም። “ቅጹን ቤት አምጪላቸው፤ ተኝተው ይፈርሙልሽ። እዚያ አታስገቢብኝ” አሉኝ።

ማድረግ እችል ነበር። ነገር ግን የዋንጫውን አፍ ብርሃን እስኪያሳልፍ ማሳሳት ገና አልቻልኩበትም፤ በእጄ ላይ እጃቸውን ካላደረጉ ይሰበርብኛል። “ሁለት ሳምንት ብቻ፣ እትዬ” አልኳቸው። ሁለቱ ሳምንት ሁለት ወር ሆነ።

ድርጅቱ የሠልጣኞችን ሥራ የሚያሳይበት ዐውደ ርዕይ ሲከፈት ጋሼ ሆስፒታል ነበሩ። ዋንጫዎቼ መብራት ተደርጎባቸው ተደረደሩ። የማላውቃቸው ሰዎች ጨበጡኝ፣ ፎቶ አነሱኝ። እኔም ደስ ብሎኝ ነበር፤ ይህን መደበቅ አልፈልግም።

በሳምንቱ አረፉ። ድንኳኑ ውስጥ ስገባ ባለቤታቸው እንደ ማንኛዋም ለቀስተኛ ቦታ አሳዩኝ። እንዲሰድቡኝ ጠብቄ ነበር።

ከወራት በኋላ ድርጅቱ ደውሎ አዲስ ተመራጮችን እንዳሠለጥን ጠየቀኝ። አስቤ እደውላለሁ አልኩና አልደወልኩም። አሁን ቀራንዮ በተከራየሁት ግቢ፣ ደጅ ላይ፣ በእጅ ሞረድ እሠራለሁ። እትዬን አንዳንዴ ገበያ አገኛቸዋለሁ። ሰላምታዬን ይመልሳሉ፤ ቆመው ግን አያውቁም።