ኖር የምትለው መኪና

«ነፍሱን በገነት ያኑርልን» ብዬ ልጀምር ነበር፤ ንዴቴ አላስቀምጥ አለኝ።

አጎቴ ታላቅ ሲገባ ብድግ ብሎ «ኖር» ማለትን ያስተማረኝ ሰው ነው። ጂቡቲ ካርቲየ 5 ሰፈር ያሉት የገዛ ልጆቹ ግን ጫት ላይ እንደተጋደሙ እሱ ሲገባ ቀና እንኳ አይሉም ነበር።

የድሮ ስፖርት መኪናውን ሞላ ሊያስቀይር ሲሄድ መካኒኩ፣ «ጋሼ፣ ለጂቡቲ መንገድ የብረቱ ይሻልዎታል» ቢለው፣ «የብረቱ አይነሳልኝም» ብሎ የአየር ሞላ ከዱባይ አስመጣና አስገጠመ። ልጆቹ «ጃጅቷል» ብለው ሳቁበት።

መኪናዋ ስታድር አየሯ እየወጣ ሆዷ መሬት ሊነካ ይደርሳል። ጠዋት ቁልፉን ሲያዞር አየር የሚነፋው ኮምፕሬሰር ያጉረመርምና ቀስ እያለች ከፍ ትላለች። እሱም መሪዋን መታ መታ አድርጎ፣ «በእግዜር፣ ልጄ!» ይላት ነበር።

ለቅሶው ላይ እነዚያው ልጆቹ ለመጣው እንግዳ ሁሉ እየተነሱ «ኖር! ኖር!» ሲሉ ደሜ ፈላ። ለእሱ ያልተነሳ ጉልበት ዛሬ ከየት መጣ? ጥያቸው ወጣሁና ደጅ የተኛችውን መኪና ቁልፍ አዞርኩ።

እንደ ልማዷ ቀስ ብላ ተነሳች። «በእግዜር» የሚላት አጥታ ቆማ ቀረች።